ዕይታ ያላቸውን የጎልፍ ሜዳዎች ለውጭ አገር ጉዞ ስለ መምረጥ

ጣና ዳር ያደገ ሰው የአንድ ቦታ ውበት በሰዓት መጥቶ በሰዓት እንደሚሄድ ያውቃል። ከባሕር ዳር ጧት በ1 ሰዓት ወደ ዘጌ የሚነሣ ጀልባ የክብራን ገብርኤልን ደሴት ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ጥላዋን ጥላ ያገኛታል፤ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ተሳፋሪ ግን ነፋስ ባስነሣው ማዕበል እየተናጠ የጀልባውን ጠርዝ መያዝ ስለሚቀድምበት ደሴቷን ልብ ብሎ ሳያይ ያልፋታል። አንድ ጊዜ በ9 ሰዓት እንግዳ ይዤ ወደ ወደቡ ወርጄ ነበር፤ ወጣቱ ጀልባ ነጂ፣ «ጋሼ፣ ሐይቁን ሊያሳዩአቸው ከሆነ ነገ ጧት ይዘዋቸው ይምጡ» ብሎ መለሰን፤ የዕለት ገቢውን ትቶ እውነቱን ስለ ነገረን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ወደ ውጭ አገር ለጎልፍ የሚጓዝ ሰው ሜዳ ሲመርጥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ምክር ይኸው ነው። ዕይታ ያለው ሜዳ ማለት በሥዕል አምሮ የሚታይ ሜዳ ማለት ሳይሆን፣ ተጫዋቹ በሚቆምበት ስፍራ፣ በሚቆምበት ሰዓትና ወር፣ ቀና ብሎ ለማየት በሚያስችለው የጨዋታ ደረጃ ላይ ሆኖ በእውነት የሚያየው ሜዳ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጐደለ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጉዞ በአጥርና በጉም መካከል ያልቃል።

ይህን የምጽፈው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ጎልፍ የተማርኩት አዲስ አበባ በሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ሲሆን፣ ወደ ባሕር ዳር ከተመለስኩ ወዲህ ከ3 ባልንጀሮቼ ጋር እየቆጠብን አልፎ አልፎ አንድ የውጭ አገር ሜዳ ለማየት እንወጣለን። የመጀመሪያውን ሜዳ የመረጥነው አንድ የጉዞ ወኪል ባሳየን ፎቶግራፍ ተማርከን ነበር፤ በፎቶግራፉ ላይ ሜዳው ወደ ባሕር የተዘረጋ አረንጓዴ ምላስ ይመስል ነበር። ደርሰን ስንጫወት ግን ከ18ቱ ጉድጓዶች (በጎልፍ ጉድጓድ የሚባለው ኳሱ ከሚመታበት መነሻ እስከሚገባበት ቀዳዳ ያለው የሜዳ ክፍል በሙሉ ነው) ባሕሩ የታየን ከ2ቱ ብቻ ሆነ፤ የቀሩት በቪላ ቤቶች አጥር መካከል የሚያልፉ ነበሩ። ፎቶግራፉ የተነሣው ከሰማይ በድሮን ነበር፤ እኛ የተጫወትነው ምድር ላይ ቆመን ነው።

ፎቶግራፉን መመርመር

ስለዚህ አንድን ሜዳ ስናስብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሥዕል ከየት ተነሣ?» የሚል ይሁን። አብዛኞቹ ሜዳዎች የእያንዳንዱን ጉድጓድ ካርታ በድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ ያንን ካርታ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይቶ ውኃው፣ ተራራው ወይም ሸለቆው ከስንት ጉድጓዶች እንደሚታይ መቁጠር የአንድ ምሽት ሥራ ነው። በጉድጓዶቹ መካከል የመኖሪያ ቤቶች ረድፍ ካለ፣ ከቤቶቹ ሰገነት የሚታየው ባሕር ከሣሩ ላይ ላይታይ ይችላል። ተጫዋቾች ራሳቸው በዓይን ከፍታ ያነሧቸው ፎቶግራፎች ለማስታወቂያ ከተነሡት ይልቅ ይታመናሉ።

የጉድጓዶቹ ብዛት ብቻውን ግን አይፈርድም። እኔ ባሕሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከማይሰወርበት ሜዳ ይልቅ እየተሰወረ የሚገለጥበትን እመርጣለሁ። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ በዘጌ የቡና ጫካ ጥላ ሥር ብዙ ተጉዞ ሳይጠብቀው ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊቱ ሲገለጥ የሚሰማው ነገር፣ ከሩቅ እያየው ቢመጣ ኖሮ አይሰማውም። በሜዳ ንድፍ የሠለጠኑ ሰዎችም በዛፍ በታጠሩ ጉድጓዶች አሳልፈው ተጫዋቹን ድንገት ወደ ገደል አፋፍ ወይም ወደ ውኃ ዳር ያወጡታል። ካርታውን ስናነብ እንዲህ ያለ መውጫ መኖሩን መፈለግ ያስፈልጋል።

ከዚህም በላይ የሚሻለው ዕይታው ራሱ የጨዋታው አካል ሲሆን ነው። በካሊፎርኒያ በ1919 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፔብል ቢች ሜዳ 7ኛ ጉድጓድ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ርዝመቱ 100 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ሰላማዊ ውቅያኖስ ወደ ከበባት ትንሽ ግሪን፣ ማለትም ቀዳዳው ወዳለበት በአጭሩ ወደታጨደ ሣር፣ ቁልቁል ይመታል። ነፋሱ ጸጥ ባለበት ዕለት በአጭር ዱላ የሚደረስባት ይህች ግሪን ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ እጅግ ረዘም ያለ ዱላ ታስመርጣለች፤ ተጫዋቹ ባሕሩን የሚያየው ለደስታው ብቻ ሳይሆን ምቱን ለመወሰንም ጭምር ስለሆነ ያየው ነገር ከአእምሮው አይጠፋም።

ወርና ሰዓት

የእኛን ዘመን አቆጣጠር ይዞ የሌላውን አገር ወቅት ማስላት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። በኬንያና በኡጋንዳ ረጅሙ ዝናብ የሚዘንበው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ገደማ ነው። ስለዚህ በጣና ላይ ክረምቱ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ ናይሮቢ በአብዛኛው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለች ትሆናለች፤ ለባሕር ዳር ሰው የክረምት ጉዞ ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። በአንጻሩ በእነዚሁ ወራት ኬፕታውን ዝናባማ ክረምቷ ላይ ናት። የበጋ ወራቷ የምናውቃቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ሲሆኑ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ብርቱ ነፋስ ስለሚነፍስባት መጋቢትና ሚያዝያ የተሻሉ ናቸው። በሞሪሸስ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የአውሎ ነፋስ ሥጋት አለ። በዱባይ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የሚመረጠው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ነው። በካናዳ ተራሮች ሥር ያለው የባንፍ ሜዳ በብርዱ ወራት በረዶ ስለሚሸፍነው ይዘጋል።

የስኮትላንድንና የአየርላንድን ነገር ለብቻ ልናገር። በሰኔ ወር በዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ዘንቦ ወደ ማታ ሊያባራ ይችላል፤ ቀኑ በ12 ሰዓት ለሚያልቅበት ሰው ይህ የተጨመረለት ሁለተኛ ቀን ያህል ነው። ወደ ማታ የሚሰጠው የመጫወቻ ሰዓት በብዙ ሜዳዎች ዋጋው ቅናሽ ስላለው፣ ከሁሉ የተሻለው ብርሃን ከሁሉ በሚያንሰው ዋጋ ይገኛል።

ወደ ምድር ወገብ ስንቀርብ ነገሩ ይለወጣል። ፀሐይ ፈጥና ስለምትወጣ ከጧቱ 4 ሰዓት በኋላ የሣሩ ጉብታና ጐድጓዳ ጥላውን ያጣል፤ ያን ጊዜ ሜዳው ጠፍጣፋ ምንጣፍ መስሎ ይታያል፣ ግሪኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማንበብም ያስቸግራል። ስለዚህ የመነሻ ሰዓትን ከመያዝ በፊት ወደ ኋላ ማስላት ይገባል። 18 ጉድጓድ ለመጨረስ 4 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በአንድ ሜዳ የባሕር ዳር ጉድጓዶች 16ኛ፣ 17ኛና 18ኛ ከሆኑና ፀሐይ በ12 ሰዓት ተኩል የምትጠልቅ ከሆነ፣ በ11 ሰዓት ተኩል 17ኛው ላይ ለመገኘት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል መጀመር ያስፈልጋል። የባሕር ዳር ጉድጓዶቹ መጀመሪያ ላይ ከሆኑ የጧቱን መጀመሪያ ሰዓት መጠየቅ ነው፤ ነገር ግን የሚመታው ወደ ምሥራቅ ከሆነ ፀሐይ ዓይን ውስጥ ስለምትገባ ኳሱ ከተመታ በኋላ አይታይም። አንድ ወዳጄ በአንድ ጧት 3 ኳስ የጠፋበት ምቱ ከፍቶ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነበር።

በደረጃ የሚመጥን ሜዳ

ኳስ የሚፈልግ ሰው ተራራ አያይም። ይህን በጉዞ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሜዳ የመረጠ ተጫዋች 4 ሰዓት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ በቁጥቋጦ ውስጥ ሲመላለስ ይውላል። በዚህ ረገድ የሚረዳን ስሎፕ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ከ55 እስከ 155 የሚሄድ ሲሆን 113 መካከለኛ ተደርጎ ይወሰዳል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሜዳው ልምዱ አነስተኛ የሆነውን ተጫዋች ይበልጥ ይቀጣዋል። አንድ ሜዳ የተለያዩ መነሻዎች፣ ማለትም ቲዎች፣ ስላሉት ቁጥሩም በየመነሻው ይለያያል። ዕይታ ለማየት የሄደ ሰው ከኋለኛው መነሻ መጫወት ክብር አድርጎ እንዳይቆጥረው እመክራለሁ፤ ወደፊት ከቀረበው መነሻ የሚጫወት ሰው ውኃውን ተሻግሮ ካረፈ በኋላ ቆም ብሎ ያየዋል።

በሞሪሸስ የሚገኘው የኢል ኦ ሰርፍ ሜዳ ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር የነደፈው ይህ ሜዳ በደሴት ላይ ስለሆነ የሚደረስበት በጀልባ ነው፤ ገዳማትን ለመሳለም በጀልባ መሻገር ለለመደ ሰው አካሄዱ ራሱ ያስደስታል። ይሁን እንጂ በብዙ ጉድጓዶች ኳሱን በውኃ ላይ ማሻገር ስለሚያስፈልግ ለጀማሪ ከባድ ነው። እንዲህ ያለውን ሜዳ በጉዞው መጨረሻ፣ እጅ ከተፍታታ በኋላ፣ ብዙ ኳስ ይዞ መጫወት ይሻላል።

ከደጋ የሚነሣ ተጫዋች ሌላም የሚጠብቀው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ኳስ ርቆ ይበራል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 150 ሜትር የለመደ ምት በሞምባሳ ወይም በኬፕታውን ዳርቻ ከ10 ሜትር በላይ ሊያጥር ይችላል። እኛ በመጀመሪያው ቀን ጉልበታችን የከዳን መስሎን ስንጨነቅ ውለናል። መድኃኒቱ አንድ ቁጥር ረዘም ያለ ዱላ መምረጥ ነው። በብሪታንያና በአሜሪካ ርቀት የሚጻፈው በያርድ ሲሆን፣ አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሆነ አለማወቅም ስሌቱን ያዛባል።

በጋሪ መሄድ ወይስ በእግር? ጉልበት የፈቀደለት ሁሉ በእግሩ ይሂድ። የጋሪ መንገድ ብዙ ጊዜ በሜዳው ጠርዝ ስለሚያልፍ ንድፍ አውጪው እንድናይ ካሰበው አቅጣጫ ያወጣናል። በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎች ካዲ መያዝ የተለመደ ነው፤ ቦርሳውን ከመሸከሙ ይልቅ የሚበልጠው ጥቅሙ የት ቆመን ወዴት ማየት እንዳለብን ማወቁ ነው።

በር የሚከፈትበትን መለየት

በሥዕል ከሚታወቁት ሜዳዎች አንዳንዶቹ ለእንግዳ የማይከፈቱ ናቸው። በአሜሪካ ኦገስታ ናሽናልና ሳይፕረስ ፖይንት የአባላት ብቻ ናቸው፤ በደቡብ አፍሪካ ከክሩገር ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያለው ሌፐርድ ክሪክም የግል ክበብ ነው። በተቃራኒው ከሁሉ ጥንታዊ የሚባለው በስኮትላንድ የሚገኘው የሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ የሕዝብ ነው፤ በዕጣ የሚሰጥ የመጫወቻ ሰዓት ስላለው ከሩቅ የመጣ እንግዳም ሊደርሰው ይችላል። እሑድ ግን ለጨዋታ ዝግ ሆኖ የከተማው ሰው በላዩ ይንሸራሸርበታል። ፍርዴን ልናገርና ሴንት አንድሩስን ለዕይታው ብሎ መምረጥ አይገባም። ሜዳው ዝቅ ያለ፣ ዛፍ የሌለበት አሸዋማ ምድር ሲሆን ክብሩ ታሪኩ ነው፤ በ1764 እ.ኤ.አ. ጉድጓዶቹ ወደ 18 ዝቅ ያሉት በዚያ ነው። በብሪታንያ ዕይታ የሚፈልግ ሰው በሰሜን አየርላንድ በሞርን ተራሮች ግርጌ የተዘረጋውን ሮያል ካውንቲ ዳውንን፣ ወይም በስኮትላንድ የመርከብ መብራት ማማና ከባሕር ብቅ ያለች የዓለት ደሴት የሚታዩበትን ተርንቤሪን ቢመርጥ አይጸጸትም።

ብዙ ሜዳዎች የሀንዲካፕ፣ ማለትም የተጫዋቹን ችሎታ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ማስረጃ ስለሚጠይቁ ከክበብ በደብዳቤ ማውጣት፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ መያዝ፣ የዱላ ቦርሳው በአየር መንገዱ የሻንጣ ሚዛን ውስጥ እንዴት እንደሚቆጠር ትኬት ሳይቆረጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዱላዎቹ ከ14 እንዳይበልጡ ሕጉ ያዝዛል። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ ከባንክ ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ ቪዛ ለሚጠይቁ አገሮችም ከወራት በፊት መጀመር ግድ ነው።

ከባሕር ዳር ለሚነሣ ሰው የት ይጀመር?

ሰዎች የመጀመሪያ ጉዟቸውን ወደ ሩቅ አገር ያደርጋሉ፤ እኔ ከቅርብ መጀመርን እመርጣለሁ። ኬንያና ኡጋንዳ ከእኛ ጋር አንድ የሰዓት ክልል ስላላቸው እንቅልፍ አይዛባም፣ በረራውም ከአዲስ አበባ 2 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ አቅራቢያ፣ በስምጥ ሸለቆው ተዳፋት ላይ ያለው የግሬት ሪፍት ቫሊ ሜዳ ሐይቁን ከከፍታ ያሳያል፤ ከፍታው ከእኛ ስለሚቀራረብ የዱላ ስሌታችንም አይናወጥም። ከዚያ ወደ ባሕር ዳርቻ ወርዶ በሞምባሳና በኪሊፊ መካከል ያለውን የቪፒንጎ ሪጅ ሜዳ መጫወት ይቻላል፤ በዚያ የሕንድ ውቅያኖስ ከባኦባብ ዛፎች ባሻገር ይታያል። በታንዛኒያ በሜሩና በኪሊማንጃሮ መካከል ያለው ሜዳም አለ፤ ኪሊማንጃሮ ግን ቀትር ሳይደርስ በደመና ስለሚሸፈን በማለዳ መነሣትን ይጠይቃል።

ከሁሉ ይልቅ ለጣና ዳር ሰው የምመክረው ግን ኡጋንዳን ነው። የኢንቴቤ ሜዳ በ1901 እ.ኤ.አ. የተጀመረና በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ያለ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ የሆነ ሜዳ ነው፤ ያረጁ ዛፎቹ በጉድጓዶቹ መካከል ሐይቁን እየሸፈኑ ይገልጣሉ። መብረቅ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ጧት ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ መጨረስ፣ ነጐድጓድ ሲሰማም ዱላ ጥሎ ወደ ቤት መግባት ይገባል። ከኢንቴቤ በካምፓላ በኩል ወደ ጂንጃ በመኪና መሻገር ይቻላል። ጂንጃ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣባት ከተማ ናት፤ የባሕር ዳር ሰው በድልድዩ ላይ ሆኖ ዓባይ ከጣና ሲወጣ እያየ ያደገ ስለሆነ፣ በዚያ ሲቆም ካርቱም ላይ ከዓባያችን ጋር የሚገናኘውን ውኃ በመነሻው ያያል። የጂንጃ ሜዳ ትንሽ ነው፤ 9 ጉድጓድ ብቻ አለው፣ እንደ ታላላቆቹ የተከረከመ ሣርም አይጠበቅበትም። ጉማሬዎች ከወንዙ ወጥተው ስለሚግጡበት ግን በብዙ ቦታ የማይገኝ የአካባቢ ደንብ አለው፤ ኳሱ በጉማሬ የእግር ዱካ ውስጥ የወደቀበት ተጫዋች ያለ ቅጣት አንሥቶ ሌላ ስፍራ ያስቀምጣል። እዚያ ስትደርሱ 2 ዙር ያዙ፤ አንዱን ለጨዋታው፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሰማዩ የጠራ ከሆነ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ጀምራችሁ ወደ ውኃው እያያችሁ በዝግታ ለመሄድ።